የጥበቃዎቻችን የእጅ ባትሪ፦ ሦስት ርካሽ ዓይነቶችን ፈትቼ ያየሁት

ርካሽ የእጅ ባትሪ የሚበላሸው በአብዛኛው መብራቱ ተቃጥሎ አይደለም። ብርሃን የሚሰጠው ኤልኢዲ ራሱ ብዙ ጊዜ ደህና ነው። ጣጣው ያለው አንዱ ክፍል ከሌላው የሚገናኝበት ቦታ ላይ ነው። በደንብ ያልጠበቀ ቀለበት፣ በአንድ ጠብታ ሊድ (ቀልጦ የሚበየድበት ብረት) የተንጠለጠለ ቦርድ፣ ምንም ሳይቀባ በደረቁ የተቀመጠ ኤልኢዲ፣ የሳሳ ሞላ። ከውጭ ሲያዩት ሁሉም ያምራል። ሲፈቱት ግን ጉዱ ወዲያው ይታያል። ደግነቱ አብዛኛው ቤት ውስጥ ይስተካከላል።

የምኖረው አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። የቤት ባለቤቶች ማኅበራችን ንብረት ያዥ ነኝ። ቴክኒክና ሙያ የተማርኩትም ኤሌክትሮኒክስ ስለሆነ ለሌሊት ጥበቃዎቻችን የእጅ ባትሪ የምገዛው እኔ ነኝ። ጥበቃዎቹ ሌሊቱን በብሎኮቹ መሀል ይዞራሉ። መብራት ሲጠፋ ደረጃውም ግቢውም ድቅድቅ ጨለማ ይሆናል። ዋናው ጥበቃችን፣ ሁላችንም አባባ የምንላቸው፣ አንድ ቀን «ልጄ፣ ብርሃኑ ቢያንስም ግድ የለኝም፤ ብቻ ስጫነው ይብራልኝ» አሉኝ። እኔም የምመዝነው በዚህ ነው። ስጫነው ይበራል ወይ? ሌሊቱን ይዘልቃል ወይ? የያዘውን ሰው ይጎዳል ወይ?

መርካቶ ወርጄ ሦስት ዓይነት ገዛሁ። አንደኛው ጥቁር አልሙኒየም ሆኖ ጭንቅላቱ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየተሳበ ብርሃኑን የሚሰበስብና የሚበትን፣ ሱቆቹ ዙም የሚሉት ነው። ሁለተኛው መጠኑ ከዙሙ ጋር ተቀራራቢ ነው፤ ጭንቅላቱ ግን አይንቀሳቀስም፤ ውስጡ ሪፍሌክተር፣ ማለትም ብርሃኑን ወደ ፊት የሚመልስ አንጸባራቂ ሳህን፣ አለው። ሦስተኛው ከጎኑ ሶኬት የሚወጣለትና ግድግዳ ላይ ተሰክቶ ቻርጅ የሚደረገው ፕላስቲክ ነው። ዋጋ አልጽፍም፤ ቶሎ ቶሎ ይቀያየራል። ሁለተኛው ከዙሙ ትንሽ ይወደዳል፣ ፕላስቲኩ ከሁሉም ይረክሳል። ይህን ማወቅ ይበቃል።

መጀመሪያ ስለ ካርቶኑ። የዙሙ ካርቶን ላይ 10000 ሉመን ይላል። ሉመን የብርሃን መጠን መለኪያ ነው። ነጭ ኤልኢዲ ከአንድ ዋት ወደ 100 ሉመን፣ ጥሩ ሲሆን እስከ 150 ገደማ ይሰጣል። ስለዚህ 10000 ሉመን ለማውጣት ቢያንስ 70 ወይም 80 ዋት ያስፈልጋል። ውስጡ የሚገባው አንድ 18650 የሚባል ሊቲየም ድንጋይ ደግሞ 2600 ሚሊአምፒር-ሰዓት ቢሆን፣ በ3.7 ቮልት ሲባዛ የያዘው ጉልበት 10 ዋት-ሰዓት እንኳ አይሞላም። በ80 ዋት ቢበራ ከሰባት ደቂቃ ገደማ በኋላ ባዶ ይሆናል። እንዲህ ያለ ትንሽ ድንጋይ ያን ያህል ኮረንት በአንዴ መስጠቱም የማይሆን ነገር ነው። እኔ ስለካው ዙሙ ከ1 አምፒር ብዙም አያልፍም። ይህ 4 ዋት ገደማ ነው። አራት መቶ ሉመን ቢሰጥ ጥሩ ነው። ለጥበቃ ሥራ ይህ በቂ ነው፤ ካርቶኑ ላይ እውነቱ ቢጻፍም እገዛው ነበር።

የኤልኢዲው ስምም ያው ነው። ካርቶኑ «ክሪ ኤክስኤም-ኤል ቲ6» ይላል። ክሪ የተባለው ኩባንያ ይህን ኤልኢዲ ያወጣው በ2010 እ.ኤ.አ. ነው። እውነተኛው በ3 አምፒር ሙሉ ኃይሉ ሲሠራ ወደ 1000 ሉመን ይሰጣል። ቲ6 የሚለው ደግሞ የብርሃን ደረጃው ነው። ስለዚህ ኤልኢዲው ኦሪጅናል ቢሆን እንኳ 10000 አይሞላም። በርካሽ ዕቃ ውስጥ የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ መልኩ የሚመሳሰል ሌላ ኤልኢዲ ነው። እኔ በዚህ አልጣላም። ስሙ ሳይሆን አቀማመጡ ነው የሚያሳስበኝ።

ሱቅ ውስጥ እያላችሁ የሚታይ ነገር አለ። ጆሯችሁ አጠገብ አድርጋችሁ ነቅንቁት። ድንጋይ ሳይኖርበት የሚንኳኳ ነገር ካለ ውስጡ የላላ አለ። ከዚያ ጭራውን ፍቱና ውስጡን እዩ። ማብሪያ ማጥፊያውን ይዞ የተቀመጠ ሁለት ቀዳዳ ያለው ቀለበት ታገኛላችሁ። በጥፍራችሁ ሞክሩት። በጥፍር ከዞረ አልጠበቀም። ቀጥሎ ሙሉ ቻርጅ ያለው ድንጋይ አስገብታችሁ አብሩትና መዳፋችሁ ላይ መታ መታ አድርጉት። ብልጭ ድርግም ካለ ልብ በሉት፤ ምክንያቱን ወደ በኋላ እነግራችኋለሁ። መጨረሻ ላይ ከፊት በኩል እዩት። ኤልኢዲው መሀል ላይ ካልተቀመጠ ብርሃኑ ግድግዳ ላይ ተንሻፎ ይወጣል፤ ገጣጣሚው ቸኩሎ እንደነበርም ያሳብቃል።

የገዛሁበት ሱቅ ነጋዴው ስፈታው አይቶ «እህቴ፣ ኦሪጅናል ነው እኮ፤ ለምን ትፈቺዋለሽ?» አለኝ። «ወንድሜ፣ ውስጡን ካሳየኸኝ ከአንድ በላይ እገዛለሁ» አልኩት። ፈቀደልኝ። ከደረደራቸው ዙሞች መሀል የአንዱ ቀለበት በጥፍር ዞረ፣ የሌላው ኤልኢዲ ወደ ጎን ሸሽቷል። አንድ ዓይነት ካርቶን፣ አንድ ዓይነት ቀለም፣ አንድ ዋጋ ነው። ግን እያንዳንዱ ለብቻው መታየት አለበት። ርካሽ ዕቃ ላይ ቁጥጥሩን ፋብሪካው ካልሠራው ገዢው ሊሠራው ግድ ነው።

ቤት ስገባ መጀመሪያ የማደርገው ችግሩ ጭራው ላይ ነው ወይስ ጭንቅላቱ ላይ የሚለውን መለየት ነው። ቀላል ዘዴ አለ። ጭራውን ፈትታችሁ አስቀምጡ። አጠር ያለ ወፍራም የመዳብ ሽቦ ውሰዱ። አንዱን ጫፍ የድንጋዩ ቂጥ ላይ፣ ሌላውን የአካሉ ጠርዝ ላይ ቀለም የሌለበት ቦታ ላይ አስነኩ። ይበራል። ብርሃኑ ጭራው ከነበረበት ጊዜ የበለጠ ከጎላ ብርሃናችሁን ሲበላ የነበረው ጭራው ነው። በሽቦውም እያበራችሁ ጭንቅላቱን መታ ስታደርጉት ብልጭ ድርግም ካለ ደግሞ ችግሩ ጭንቅላቱ ውስጥ ነው።

ቴስተር (የኮረንቲና የቮልት መለኪያ) ያለው ሰው ይህንኑ በቁጥር ያየዋል። ቀዩን ገመድ 10 አምፒር የሚለው ቀዳዳ ውስጥ ሰክታችሁ ሁለቱን ጫፎች በሽቦው ፋንታ ትጠቀማላችሁ። አደራ፣ ቴስተሩ አምፒር ላይ እያለ ሁለቱን ጫፎች የድንጋዩ ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ላይ እንዳታደርጉ። ያ ቀጥታ ሾርት ነው፤ ፊውዙም ይሄዳል፣ እጅም ያቃጥላል።

የዙሙ ጭራ ላይ ያገኘሁት ይህን ነው። ሞላው ቀጭን ብረት ነው። ብረት ኮረንቲን እንደ መዳብ አያሳልፍም፤ ቀጭንና ረጅም ሲሆን ደግሞ ይብሳል። የማብሪያው ቀለበት ላልቶ ስለነበር ሞላው የተቀመጠበት ቦርድ ከአካሉ ጋር የሚነካካው እንዳጋጣሚ ነበር። ጫፉ ሹል የሆነ ፒንሳ ሁለቱ ቀዳዳዎች ውስጥ አስገብቼ ቀለበቱን አጠበቅኩት። ፒንሳ የሌለው በጠንካራ ወረንጦ ይሠራዋል። ከዚያ ከአሮጌ ቻርጀር ገመድ ውስጥ ለስላሳ የመዳብ ሽቦ ቆርጬ አንዱን ጫፍ ሞላው አናት ላይ፣ ሌላውን ሞላው ሥር በየድኩት። ሽቦው ሞላው ሲጫን እንዲተጣጠፍ ትንሽ ረዘም ይላል። አሁን ሞላው የሚገፋው ብቻ ነው፤ ኮረንቲው የሚሄደው በመዳቡ ነው። ልዩነቱ በዓይን ይታያል። ግድግዳው ላይ የነበረው ብርሃን ቢጫነቱ ቀነሰ፣ ጠርዙም ጎላ።

የአካሉ ጥርስም መታየት አለበት። ጥቁሩ ቀለም አልሙኒየሙ ላይ የወጣ ጠንካራ ሽፋን ስለሆነ ኮረንቲ አያሳልፍም። ኮረንቲው የሚያልፈው ሽፋኑ በሌለበት ባዶ ጠርዝ በኩል ነው። የእኔኛው ጠርዝ ላይ የፋብሪካ ቅባትና የብረት ብናኝ ተቀላቅሎ ጥቁር ጭቃ ሠርቶ ነበር። በአልኮል በራሰ ጨርቅ ጠረግኩት፣ ጠርዙን በቀጭን የብርጭቆ ወረቀት ዞር ዞር አደረግኩት። የጎማ ቀለበቱን ደግሞ ትንሽ ሲሊኮን ግሪስ ቀባሁት። ብዙ ሰው ቫዝሊን ይቀባል። ቫዝሊን አንዳንዱን የጎማ ዓይነት ያሳብጠዋል፣ ከዚያ አይገጥምም። ሲሊኮኑ ከሌለ ደረቁን ይቆይ።

አሁን ወደ ጭንቅላቱ። እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ፤ ዕድሜውን የሚወስነው ይህ ስለሆነ።

ጭንቅላቱ ሲፈታ አንዲት ትንሽ የነሐስ ወይም የአልሙኒየም ኩባያ ትወጣለች። ከላይ ኤልኢዲው በትንሽ የአልሙኒየም ቦርድ ላይ ተበይዶ ይቀመጣል። ከታች ክቡ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ፣ ድራይቨር የሚሉት አለ። ኤልኢዲ ከሚወስደው ጉልበት ሰፊው ክፍል ሙቀት ሆኖ ነው የሚወጣው። ያ ሙቀት ከኤልኢዲው ወደ ቦርዱ፣ ከቦርዱ ወደ ኩባያው፣ ከኩባያው ወደ አካሉ፣ ከአካሉ ወደ እጃችሁ መውጣት አለበት። በመሀል ክፍተት ካለ ሙቀቱ እዚያው ይታፈናል። ኤልኢዲው እየደበዘዘ፣ መልኩ ወደ ሰማያዊ እየሄደ ያልቃል።

ስለዚህ አንድ ነገር ልብ በሉ። የእጅ ባትሪ በርቶ ትንሽ ሲቆይ አካሉ ሞቅ ማለት አለበት። ብዙ ሰው የማይሞቀውን «ጥሩ ነው፣ አይግልም» ብሎ ይገዛል። ደብዘዝ ያለ ብርሃን ከሆነ እውነት ነው፣ የሚሞቅ ነገር የለውም። ብርሃኑ ጠንካራ ሆኖ አካሉ ቀዝቃዛ ከሆነ ግን ሙቀቱ መውጫ አጥቷል ማለት ነው። የእኔ ዙም እንደዚያ ነበር። በርቶ እያለ ብርሃኑ ቀስ በቀስ ሲወርድ አካሉ ቀዝቃዛ ነበር።

ስፈታው ምክንያቱ ታየኝ። ኩባያዋ ውስጧ ባዶ ነው። የኤልኢዲው ቦርድ ያረፈው ቀጭን ከንፈሯ ላይ ብቻ ነው። በዚያ ላይ አንድ ቅንጣት ፔስት የለም። ሁለት ጠብታ ሙጫ ጠርዙ ላይ አንጠባጥበው አጣብቀውታል። የሙጫው ጠብታ አንዱ ከቦርዱ ሥር ገብቶ ቦርዱን በአንድ ጎን ከፍ አድርጎት ነበር። ወደ ብርሃን አዙሬ ስመለከት በክፍተቱ በኩል ማዶ ይታያል።

ሙጫውን በምላጭ ፋቅሁት። ሁለቱንም ፊት በአልኮል አጸዳሁ። የቦርዱን የታችኛውን ፊት ጠፍጣፋ መስታወት ላይ ባነጠፍኩት የብርጭቆ ወረቀት ላይ እያሸሁ አስተካከልኩት። ባዶውን ኩባያ ለመሙላት ከምናለሽ ተራ ካመጣሁት የአልሙኒየም ቁራጭ ክብ ቆርጬ በሞረድ አስተካክዬ ሥሩ አስገባሁለት። ለሁለቱ ሽቦዎች መሹለኪያ ተውኩ፤ የሽቦው ልባስ ስለታም ጠርዝ ላይ እንዳይላጥም ጠርዙን አለዘብኩት። ከዚያ ኮምፒውተር ጠጋኞች ፕሮሰሰር ላይ የሚቀቡት ፔስት አለ፤ እሱን ቀባሁት። አቀባቡ ምጣድ እንደ ማሰስ ነው፤ በጣም ስስ። የፔስቱ ሥራ በዓይን የማይታየውን ክፍተት መሙላት ነው። ከበዛ እሱ ራሱ ሙቀቱን ያግዳል። ቦርዱን ተጭኜ አንዴ ግራና ቀኝ አሸሁትና ለቀቅኩት።

ሲገጠም አካሉ በጥቂት ደቂቃ ሞቅ አለ። ብርሃኑም እንደ ቀድሞው አልወረደም። ለእኔ ከሁሉም ጥገና ደስ የሚለኝ ይሄኛው ነው፤ ሙቀቱ እጄ ላይ ሲደርስ ሥራው መሠራቱን በመዳፌ አውቃለሁ።

ቀጥሎ ድራይቨሩ። ክቡ ቦርድ ጠርዙ ላይ ዙሪያውን የመዳብ ቀለበት አለው። ኔጌቲቩ የሚመለሰው በእሱ በኩል ነው። ስለዚህ ይህ ቀለበት ኩባያውን በደንብ መንካት አለበት። የዙሙ ቦርድ በአንድ ጠብታ ሊድ ብቻ ነበር የተያዘው። ጠብታዋም የደበዘዘች፣ እህል የመሰለ ፊት ያላት ነበረች። ሊዱ ሲበየድ ኩባያው አልሞቀም ነበርና ሊዱ ላይ ላዩን ተቀመጠ እንጂ አልያዘም። በወረንጦ ጫፍ ገፋ ሳደርጋት ተነሳች። ሱቅ ውስጥ መዳፍ ላይ ሲመታ ብልጭ ድርግም የሚለው አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ የተነሳ ነው።

ኩባያው ነሐስ ከሆነ መፍትሔው ቀላል ነው። የሚበየድበትን ቦታ በብርጭቆ ወረቀት ፋቅ አድርጉ፣ ፍላክስ (ሊዱ እንዲይዝ የሚረዳ ቅባት) ንኩ፣ ከዚያ 60 ዋት የሆነ ካውያ (መበየጃ) ተጠቀሙ። ለስልክ ጥገና የሚሆነው ትንሹ ካውያ አይበቃም፤ ነሐሱ ሙቀቱን ይጠጣበታል። መጀመሪያ ኩባያውን አሙቁ፣ ሊዱን ከዚያ ስጡት። በተቃራኒ ጎኖች ቢያንስ ሁለት ቦታ በየዱ። ጥሩ ብየዳ የሚያብለጨልጭና ወደ ጠርዙ እየሳሳ የሚሄድ ነው። ኩባያው አልሙኒየም ከሆነ ግን ተራ ሊድ አይይዘውም። አትድከሙ። ቀጭን የመዳብ ቁራጭ በቦርዱ ጠርዝና በኩባያው መሀል አጥብቃችሁ ሸጉጡበት።

ሁለተኛው፣ ሪፍሌክተር ያለው፣ ጭራው ደህና ነበር። ኤልኢዲውም ፔስት ተቀብቷል፤ ትንሽ በዝቶ ቢሆንም። ሪፍሌክተሩ ሥር ግን አስደንጋጭ ነገር አገኘሁ። ሪፍሌክተሩ አልሙኒየም ነው፤ ኮረንቲ ያሳልፋል። የኤልኢዲው ሁለት ሽቦዎች የተበየዱበት ጠብታ ደግሞ ከፍ ብሎ ቆሟል። በመሀላቸው የነበረችው መከላከያ ፕላስቲክ ተንሸራታ አንዱን ጠብታ ገልጣው ነበር። ጭንቅላቱን ትንሽ ጠበቅ አድርጌ ብዞር ሪፍሌክተሩ ጠብታውን ሊነካ ነው። ፖዘቲቩን ከነካ ሾርት ያደርጋል። ሊቲየም ድንጋይ ሾርት ሲያደርግ ይግላል፣ ይነፋል፣ ሊቃጠልም ይችላል። ይህን ባትሪ የሚይዙት ደግሞ አባባ ናቸው፣ ሌሊት፣ ካፖርታቸው ኪስ ውስጥ።

ጥገናው ደቂቃዎች አይፈጅም። ጠብታውን በካውያ አሙቄ ዝቅ አደረግኩት። ትርፉን ሽቦ ቆረጥኩ። መከላከያዋን መሀል ላይ አስተካክዬ ሙቀት በሚችል ፕላስተር ያዝኳት። ከዚያ ድንጋይ ከማስገባቴ በፊት በቴስተሩ ፈተሽኩ፤ ቴስተሩ ድምፅ በሚያሰማበት ላይ አድርጌ አንዱን ጫፍ አካሉ ላይ፣ ሌላውን የኤልኢዲው ፖዘቲቭ ላይ። መጮህ የለበትም። ሪፍሌክተር ያለው ባትሪ የምትገዙ ሁሉ ሌላው ቢቀር ይህችን አንድ ነገር ፈትታችሁ እዩ።

ዙሙ ሌላ የማይጠገን ጉዳይ አለው። ጭንቅላቱ ሲሳብና ሲመለስ አየር ይስባል። ከአየሩ ጋር አቧራም፣ ክረምት ሲሆን ውሃም ይገባል። የጎማ ቀለበት ቢኖረውም ስለሚንሸራተት በደንብ አይዘጋም። ሰኔ ላይ ደርቆ የነበረው ሌንስ ነሐሴ ላይ ውስጡ ላብ ይይዛል። ለቤት ይሆናል። ዝናብ ላይ ለሚዞር ሰው አልመርጠውም።

ስለ አበራሩም ላንሳ። ዙሙም ሪፍሌክተር ያለውም በየተጫኑ ቁጥር ይቀያየራሉ፤ ጎላ ያለ፣ መካከለኛ፣ ደብዛዛ፣ ከዚያ ዓይን የሚያጠፋ ፈጣን ብልጭታ፣ ከዚያ የአደጋ ጥሪ። አባባ ይህን አይወዱትም። ደረጃ ላይ ሰው ሲያገኙ አብርተው ሰላም ሊሉ ሲሉ ብልጭታው ይጀምራል፤ ሰውየውም ይደነግጣል። አበራሩ ሁለት ወይም ሦስት ብቻ የሆነ ካገኛችሁ እሱን ምረጡ። ቤት ውስጥ የማስተካክለው ነገር አይደለም።

ፕላስቲኩን በአጭሩ እላለሁ፤ ምክንያቱም አልመክረውም። ውስጡ 4 ቮልት የሆነ የታሸገ የእርሳስ-አሲድ ባትሪ አለ። ቻርጅ የሚያደርገው ክፍል ትራንስፎርመር የለውም። አንድ ካፓሲተር (ኮረንቲ ይዞ የሚያቆይ ዕቃ) እና አራት ዳዮድ ብቻ ነው። ይህ ማለት ግድግዳ ላይ ተሰክቶ እያለ ውስጡ ያለው ብረት ሁሉ ከ220 ቮልቱ ጋር በቀጥታ የተገናኘ ነው። ፕላስቲኩ ቢሰነጠቅ፣ ማብሪያው ቢነቀል፣ የሚነካው ሰው ኮረንቲ ይይዘዋል። በእኔኛው ላይ ደግሞ ካፓሲተሩን ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላ ባዶ የሚያደርገው ሬዚስተር አልተገጠመም። ስለዚህ ከግድግዳ ነቅላችሁ የሶኬቱን ሁለት እግር ብትነኩ ይነዝራችኋል። ልጅ ያለበት ቤት ይህ አይገባም። ሬዚስተሩን መጨመር ይቻላል። ግን አካሉ ስስ ፕላስቲክ ሆኖ፣ ሲወድቅ የሚሰነጠቅ ሆኖ ሳለ አንዱን ጠግኜ ለጥበቃ መስጠት ኅሊናዬ አልፈቀደም። ማኅበሩ ይህን ዓይነት እንዳይገዛ ቃለ ጉባኤ ላይ አስፍሬያለሁ። ቤታችሁ ቀድሞ ካለ ቢያንስ ተሰክቶ እያለ አታብሩት፣ አትንኩት፤ ባዶውን ወራት አታስቀምጡት፤ እርሳስ-አሲድ ባዶውን ከቆየ ተመልሶ አይይዝም።

ድንጋዩ ለብቻው ወሬ አለው። ከዙሙ ጋር የመጣው 18650 ላይ 9900 ሚሊአምፒር-ሰዓት ተጽፏል። በዚህ መጠን፣ ማለትም 18 ሚሊሜትር ውፍረትና 65 ሚሊሜትር ቁመት፣ ገበያ ላይ ያሉ ጥሩ ጥሩዎቹ እንኳ 3500 አካባቢ ነው የሚይዙት። 9900 የሚል ካያችሁ ሌላውንም ጽሑፍ አትመኑት። ሚዛን ላይ አድርጉት። ደህናው 45 ግራም ገደማና ከዚያ በላይ ይመዝናል። የእኔኛው ከዚያ በጣም የቀለለ ነበር። ሁለት ሰዓት እንኳ ሳያበራ ደከመ።

ጥሩ ሆኖ ያገኘሁት ከአሮጌ ላፕቶፕ ባትሪ የወጡ ድንጋዮችን ነው። ግን ሳይፈተሹ አይደለም። ቮልቱ ከ2.5 በታች ወርዶ የቆየውን ጣሉት፣ አታስነሱት። ቻርጅ ሲሞላ 4.2 ቮልት መሆን አለበት። ቻርጀሩ ከ4.25 በላይ ካሳለፈ ችግሩ የቻርጀሩ ነው፣ ቀይሩት። ሞልቶ አንድ ሳምንት ተቀምጦ በደንብ የወረደውንም አልጠቀምበትም። ርካሽ የእጅ ባትሪ ድንጋዩ ሲያልቅ ራሱን አያጠፋም፤ እስከ ጥግ ይጠጣዋል። ስለዚህ ለጥበቃዎቻችን ብርሃኑ ደከም ሲል ድንጋዩን ቀይሩ፣ አትጨርሱት ብያለሁ። እያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ድንጋይ ይይዛሉ። ትርፉም በፕላስቲክ ማስቀመጫ ነው የሚቀመጠው፤ ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር ኪስ ውስጥ አይገባም።

ከዙሙ ጋር ሪሞት ውስጥ የሚገቡትን ትንንሽ ድንጋዮች ሦስት ሦስቱን የሚይዝ ፕላስቲክ መያዣም ይመጣል። ሦስቱ ተደምረው 4.5 ቮልት ስለሚሆኑ ይሠራል። ብረቶቹ የተያያዙት ግን በስስ ምስማር ስለሆነ በትንሽ ዝገት ይላቀቃሉ። ሊቲየም ድንጋይ የማይገኝበት ቦታ ለሚሄድ ሰው ምስማሮቹ ላይ ሊድ ጠብ ማድረግ ይጠቅማል። ለዕለት ሥራ ግን አልጠቀምበትም።

አንዲት ጎረቤቴ ከአሜሪካ ዘመዷ ያመጣላትን ኮንቮይ ኤስ2 ፕላስ የሚባል የእጅ ባትሪ እንድፈታው ፈቀደችልኝ። እሱም ቢሆን ከውዶቹ ተርታ አይደለም። ኤልኢዲው የተቀመጠው መዳብ ቦርድ ላይ ነው፣ ሌንሱ መስታወት ነው፣ ቀለበቶቹ ጠብቀዋል። ምንም ሳልነካ መልሼ ገጠምኩት። እዚህ ሱቅ ውስጥ ግን አይቼው አላውቅም፤ ለማኅበር ግዥ ደግሞ ነገ ሲሰበር ከዚያው ሱቅ የሚተካ ዕቃ ያስፈልጋል።

ስለዚህ ለጥበቃዎቻችን የመረጥኩት ሁለተኛውን፣ ሪፍሌክተር ያለውን ነው። ሲገዛ ጭራው ይፈታል፣ ይነቀነቃል፣ መዳፍ ላይ ይመታል። ቤት ሲመጣ ሪፍሌክተሩ ሥር ይታያል፣ ሞላው ላይ የመዳብ ሽቦ ይበየዳል። ብየዳ የማይችል ሰው ከሆናችሁ ስልክ ጠጋኝ ጋ ውሰዱት። ሲበይድ ግን አጠገቡ ቁሙ፤ ሞላው ላይ ነው የሚበየደው እንጂ ማብሪያው ላይ አይደለም፤ ማብሪያው ፕላስቲክ ስለሆነ ቶሎ ይቀልጣል። ዙሙን ለቤት አስቀርቼዋለሁ። አብሮ የመጣውን 9900 የሚል ድንጋይ ግን መልሼ አልተጠቀምኩበትም። ጫፎቹን በፕላስተር ሸፍኜ ለብቻው አስቀምጬዋለሁ፤ ሊቲየም ከተራ ቆሻሻ ጋር አይጣልም።

አባባ አዲሱን ከያዙ ወዲህ ያነሱት ቅሬታ አንድ ነው። የእጅ ማንጠልጠያ ገመዱ ቀጭን ነው፣ ይቆረጣል ብለዋል። እውነታቸውን ነው። የጫማ ማሰሪያ ገዝቼ የሁሉንም እቀይራለሁ።